የዘሀራ ለቅሶ

ሐይቅ፣ ረቡዕ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.



ከጅዳ የተመለሰችው ዘሀራ ዛሬ አለቀሰች። ከስደት የተመለሱትን በማማክርባት፣ ሰው የሆዱን በምስጢር እንዲነግረኝ ብዬ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ዝም ብላኝ ሄዳለች። ዛሬ እዚያ የደረሰባትን ነገረችኝ፤ ለእናቷ ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገባችኝና ጮኻ አለቀሰች። እኔም እሰይ፣ ወጣላት አልኩ። ሞኝ! በዚህ ሰሞን ለቅሶ ሲሰማ ሐይቅ ምን እንደሚያስብ ረሳሁት።

ወንድሟ ሰይድ ጦርነቱ የገባ ጊዜ ከቤት እንደወጣ ነው፤ ወሬው የለም። ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መርዶ የመጣ መስሎት ክፍሌን ሞላት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "አብሽሪ ልጄ" ይሏታል።

ወዲያው እናቷ እትዬ ለይላ አንዱን ጫማ ጥለው እየሮጡ ደረሱ። መሬት ላይ ዘጭ ብለው እግሬን ያዙኝ።

"በአላህ ይሁንብሽ፣ ሰይዴ ሞተ ወይ?"

"ኧረ የለም! ስለሱ የሰማነው ነገር የለም።"

"ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ሁና ነው?"

ምን ልበል? ቃሌን ብጠብቅ ሰይድን በቁሙ ልቀብርባቸው ነው፤ ብናገር ደግሞ ዘሀራን መክዳቴ ነው። ዝም ባልኩ ቁጥር ፊታቸው አመድ እየመሰለ ሄደ። አንዷ ደረቷን መምታት ጀመረች።

ዘሀራ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። እናቷ አጠገብ ተንበረከከችና እጃቸውን ከእግሬ ላይ አላቀቀች።

"እማ፣ ሰይድ አይደለም። እኔ ነኝ።"

ጎረቤቱን ሁሉ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁት። እኔም ከውጭ ቀረሁ።