የአዴ ዘሃራ ግድግዳ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ማታ

አሁንም አረንጓዴ። የሙሽራዋ ጉንጭ አረንጓዴ፣ ጥርሷ አረንጓዴ፣ የሰርጉ ሩዝ ሳይቀር አረንጓዴ። ብራይትነሱን ከፍ አደርጋለሁ፣ ፊቷ ይነጣና ይጠፋል። ዝቅ አደርጋለሁ፣ ዓይኗ ይጠፋል። ኮንትራስቱን ስነካ ደግሞ ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ሜኑው ትንሽ ካልነኩት ራሱን በራሱ ይዘጋል። እኔ ሳስብ እሱ ይዘጋል። እንደገና ሜኑ። ሪሞቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ማሽኑ ላይ ያለችውን ደረቅ ቁልፍ ስጫን ጣቴ ሊላጥ ነው።

ጥፋቱ የፕሮጀክተሩ አይደለም፣ የግድግዳው ነው። በጀጎል ግንብ ፈላና በር ገብተህ ወደ እኛ ስትመጣ አንዱ ግድግዳ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ የእኛ ግቢ አረንጓዴ። በቀን ሲያዩት ደስ ይላል። ማታ ብርሃን ሲያርፍበት ሰውን ሁሉ ጎመን ያስመስላል።

ማስታወሻዬ፣ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሳልነግርህ ማማረር ጀመርኩ። ይኸውልህ። አከራዬ አዴ ዘሃራ ስኳር ዓይናቸውን እየወሰደባቸው ነው። በቴሌቪዥን ሰው ከሰው አይለዩም። ዶክተሩም በቀረው ብርሃን እንዳይተማመኑ ነግሯቸዋል። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የነጂማን ሰርግ ማየት። ነጂማ አንድዬ ልጃቸው ነበረች። ባገባች በዓመቷ በወሊድ ሞተች። እኔ ሐረር ተመድቤ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ አላውቃትም። የሰርጉን ካሴት እስከ ዛሬ ሊያዩት አልደፈሩም። አሁን ዓይኔ ሳይሄድ አንዴ ልያት አሉ። ግድግዳ አክላ ብትመጣ አልስታትም አሉ።

ፕሮጀክተሩ የት/ቤቱ ነው። ፊዚክስ ስለማስተምር በእኔ እጅ ነው ያለው። ር/መምህሩን ለምኜ እስከ ሰኞ አመጣሁት። ሸዋ በር ያለው ቪዲዮ ቤት ካሴቱን ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ። ቀላል መስሎኝ! ቃል ለመግባት ማን ይቀድመኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

አገኘሁት! ሜኑው ውስጥ፣ ከታች፣ "ዎል ከለር" የሚል አለ። የግድግዳህን ቀለም ትነግረዋለህ፣ እሱ የምስሉን ቀለም በዚያው ልክ ያካክስልሃል። ፈዛዛ አረንጓዴ የሚለውን መረጥኩ። ወዲያው ጠይም ሴት ሆነች። የፀጉር መሸፈኛ ጉፍታዋ ጥቁር፣ ቀሚሷ ወይን ጠጅ አትላስ፣ ከንፈሯ የሰው ከንፈር። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ግን አንገቷ ላይ አንድ ነገር አለ። ወርቁ ዝገት መስሏል። እሱን ሳስተካክል የዘፈኑን ድምፅ ሰሙና አዴ ዘሃራ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። አቦ፣ እንዳለች ልያት አሉኝ።

መዳፌን ሌንሱ ላይ ደፋሁ። ገና ነው አልኳቸው፤ ወርቋ ሳይበራ አላሳይዎትም። ሳቁ። እሺ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ ብለው ተመለሱ።

የእህታቸው ልጅ ሰሚራ ከበሩ ቆማ ታያለች። አብራቸው ነው የምትኖረው፣ ሸዋ በር ጨርቅ ትሸጣለች፣ ምላሷ መቀስ ነው። ሰርጉን እንደገና ብንደግሰው ከዚህ ይፈጥን ነበር አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሙሉ ምሽቱ በሜኑ አለቀ። ኪስቶን የሚባለውን አስተካከልኩ፤ ምስሉ ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ ሆኖ ነበር፣ አሁን አራት ማዕዘኑ ልክ ነው። ቀዩን ትንሽ ጨመርኩ፣ ሰማያዊውን ቀነስኩ፣ መልሼ ጨመርኩ። ወርቁ በራ። ወርቁ ወርቅ ሆነ! ጾም ነው፣ እራቴ ሽሮ ነው፣ እሱም ቀዝቅዟል፣ ግን ማን ግድ አለው።

ሜኑው መጨረሻ ላይ ሁሉንም ወደ ነበረበት የሚመልስ አንድ መስመር አለ። ስጠጋው እንኳ እፈራለሁ። በስህተት ብነካው የሦስት ማታ ልፋቴ ገደል ገባ።

ነገ ማታ አልኳቸው። በሕይወት ያለች ያህል አድርጌ ነው የማሳይዎት አልኩ። እጄን ይዘው ብዙ ዱዓ አደረጉልኝ። ማስታወሻዬ፣ አልዋሽህም፣ ኮራሁ። ጎጃም ላለች እናቴ ደውዬ ሁሉ ተናገርኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13፣ ማታ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ገፋ ሳደርግ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግድግዳው ነጭ። ከላይ እስከ ታች ኖራ። ሰሚራ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ባልዲ ታጥባለች። አዴ ዘሃራ መሐል ግቢ ቆመው፣ በደከመው ዓይናቸው፣ እዚያ ጋ ድገሚው፣ ሽታው አልጠነከረም ይሏታል።

ምነው ምን ነካዎት አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ገረማቸው። ልጄ ልትመጣ በቆሸሸ ግድግዳ ልቀበላት? አሉኝ።

እውነት ነው፣ የሐረር ወግ ነው። ሙሽራ ሲመጣ፣ ዒድ ሲደርስ፣ ግድግዳ ይታደሳል። ይህን የጀጎል ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ግድግዳውን እንዳይነኩት አላስጠነቀቅኳቸውም። እሳቸው ደግሞ የእኔ ማሽን አረንጓዴውን ለምዶ መቀመጡን ከየት ይወቁት?

ማታ አንድ ሰዓት። አትላሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከፈትኩት። ሙሽራዋ ቀይ ሥር! አረንጓዴውን ሊያካክስ ያሰናዳሁት ቀለም ሁሉ ነጩ ላይ ፈሰሰበት። ሴቶቹ ቀይ ሥር፣ ሩዙ ቀይ ሥር። ቶሎ በመዳፌ ሸፈንኩት። ሜኑ ገባሁ፣ ዎል ከለሩን ነጭ አደረግኩ፣ በእጄ የጨማመርኩት ቀይ ግን እንዳለ ቀረ። እሱን ስቀንስ ሌላው ተበላሸ። አዴ ዘሃራ አንገታቸውን አስግገው፣ አለች? የታለች? ይላሉ። አዪ አንተ፣ ቀይ ሆነች አረንጓዴ ሆነች ምን ቸገረኝ፣ ልጄን እኔ አጣታለሁ? አሉ።

አሁን አሁን አልኩ። አሁን አሁን እያልኩ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ ትንሽ ተቀመጥን። ግድ የለም፣ ነገ ይደርሳል ኢንሻአላህ አሉ። ሰሚራ በዳበሳ ወንበሮቹን ታስገባ ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

መብራቱ እስከ ንጋት አልመጣም። ፕሮጀክተሩን ጠዋት መለስኩ። አንድ ማታ ጨምሩልኝ አልኳቸው ር/መምህሩን። የመምህራን ሥልጠና ነገ ይጀምራል፣ ሲያልቅ ትወስደዋለህ አሉኝ። ጥቂት ቀን ነው፣ ይደርሳል። ለአዴ ዘሃራም እንደዚያ ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ኖራውም እስከዚያ ይደርቃል አሉኝ። ያጽናኑኝ እሳቸው ነበሩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ሥልጠናው ተራዘመ። ከገና በኋላ ይላሉ አሁን። ዛሬ ሳልፍ አዴ ዘሃራ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በኮቴዬ ነው የለዩኝ፤ ድሮ በሸሚዜ ቀለም ነበር። ማሽኑ መቼ ነው? ብለው አልጠየቁም። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ጾሙ እንዳያከሳህ አሉኝ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ር/መምህሩ ቢሮ ገብቼ እጮህ ነበር። ወይም አልጮህም ነበር። እኔን ታውቀኛለህ።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ሄደ።

ጠዋት ሰሚራ በሬን ደበደበች። አዴ ዘሃራ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ እጃቸውን ፊታቸው ፊት እያገላበጡ። ገና አልነጋም እንዴ? አሉ። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጭናቸው ላይ አርፏል። ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ መሬት።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ዶክተሩ ሁለቱም ዓይን ውስጥ ደም ፈሷል አለ። አዲስ አበባ ሊጽፍላቸው ይችላል፤ ተስፋ ግን አልሰጠም። አዴ ዘሃራ እስከ መጨረሻ ሰሙ። ከዚያ፣ የሰጠው ወሰደው፣ እስከዛሬ ማየቴም ከእሱ ነው አሉ። ዶክተሩን መረቁት። ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ግን አለቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! አፌን በቆረጠው። ያልቸኮለውስ? የሚለቅመውንም አጣ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሥልጠናው አለቀ። ፕሮጀክተሩን ወደ ዕቃ ክፍል ልመልስ ስል የሥልጠናው ክፍል ነጭ ግድግዳ ላይ አበራሁት። ቀይ ሥር። እንዳበላሸሁት አለ። ማንም አልነካውም፤ መምህራኑ ጽሑፍ ነው ያዩበት፣ ጽሑፍ ቢቀላ ምን ይሆናል።

ሜኑ ገባሁ። ወደ ታች። መጨረሻው መስመር። ሁሉንም ወደ ነበረበት መልስ። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ጠራ። ነጭ እንደ ወተት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ላንተ ነው የምነግርህ፣ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። የዚያን እሑድ ማታ ይህን መስመር አላጣሁትም። አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጣቴ ደርሶበታል። ያቺን ወርቅ፣ ያቺን ያበራኋትን የአንገት ወርቅ እንዳላጣ ብዬ ነው ያለፍኩት። ነጭ ግድግዳ ላይ ማንም ሳይነካው ጥሩ እንደሚያሳይ የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን የራሴን ሥራ ማዳን ፈለግኩ። እሳቸው ቀዩንም ይቀበሉኝ ነበር። የመጀመሪያውን ማታ አረንጓዴውንም ይቀበሉኝ ነበር። ከልጃቸው ጋር የሚያገናኛቸውን ብርሃን በገዛ መዳፌ ሁለት ጊዜ ሸፈንኩባቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ከትናንት ጀምሮ በእሳቸው በር አላልፍም፣ በጓሮ እዞራለሁ። ዛሬ ሰሚራ አዴ ይፈልጉሃል ብላ ጠራችኝ። ገባሁ። ነገርኳቸው። መዳፌንም፣ መስመሩንም፣ ወርቁንም።

አምጣው አሉኝ። ምኑን? ማሽኑን። ለምን ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ አንተ ዓይን አለህ አይደል? አሉኝ። እያየህ ንገረኛ!

ማታ

ማሽኑን ከት/ቤት አምጥቼ ግቢው ውስጥ አቆምኩት። ሜኑ አልገባሁም። እንዳለ ከፈትኩት። ትንሽ ጠሟል፤ ይጥመም።

እነግራቸው ጀመር። አንዲት ረጅም ሴት ሳህን ይዛ እየሳቀች፣ ፊት ጥርሷ ፍንጭት አልኩ። ሰሚራ ከኋላዬ ትንፋሿን ሳበች። እናቷ ነች፣ እህቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ ሳህኑ የእኔ ነው አልመለሰችልኝም አሉ አዴ ዘሃራ። ሰሚራ እየሳቀች አለቀሰች። ሙሽራዋ ገባች አልኩ። ወደ ድምፄ ጠጋ አሉ። ቀሚሷ ወይን ጠጅ ነው አልኩ። ከትከሻው ሰፍቷት የለ? እኔ ነኝ ያሰፋሁት፣ ያን ጊዜ ከስታ ነበር አሉ። ልብ ብዬ አየሁ። ሰፍቷታል። ከትከሻዋ ሊወርድ ሲል በጣቷ እየሳበች ትመልሰዋለች። ሦስት ማታ ሙሉ ሳያት ወርቋን እንጂ ይህን አላየሁም።

ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ልጠራቸው ነበር፣ ብርሃኑ መሐል ገቡብኝ፤ እጄ በልማዱ ወደ ሌንሱ ሄደ። መለስኩት። ኖራውን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ፣ የነጂማ ፊት ነጭ ሻሻቸው ላይ አረፈ።

የት ጋ ነች? አሉኝ።

እርስዎ ላይ ነች አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ጨረሱ። ምስሉ አልቆ ሰማያዊው ባዶ ብርሃን ብቻ ፊታቸው ላይ ቀረ።

አለቀች? አሉኝ።

አላለቀችም አልኩ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።