እንቅልፍ ያጡትን ፍለጋ

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

መንገዱ ዝግ። የፉል ሳንድዊቼን መኪና ውስጥ በልቼ ስብሰባ ገባሁ፤ ሸሚዜ ላይ የሰሊጥ ቅባት... ማንም አላየም፣ ወይ አይተው ዝም አሉ።

የድርጅታችን አዲሱ የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ፋርማሲ ገብቷል፣ ማስታወቂያው ግን ገና ነው። የገበያ ክፍል አለቃዬ ሩሽዲ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና፣ «ካይሮ ውስጥ ማነው የማይተኛው? ፈልጊና አምጪልኝ» አለኝ።

«ሁሉም» አልኩ። ተሳቀ።

«ሁሉም አይገዛም፣ ነሽዋ። ዋናዎቹን ነው የምፈልገው።»

ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ነርሶች ይሆናሉ ብዬ ነበር። ወይም የማትሪክ ተፈታኝ ልጆች እናቶች። የጥናቱ ውጤት ወጣ፤ አይደሉም። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ከነሱ በኋላ ነው።

ሩሽዲ ፊቱ በራ። «ልጆቻቸው ለሥራ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደዋል። ልጅ ይገዛል፣ እናት ትውጣለች! ከዚህ የተሻለ ገበያ አለ?»

«ግን እኮ በዕድሜ የገፉትን ያዞራቸዋል። ሊወድቁ ይችላሉ።»

«ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል?»

«ተጽፏል፣ ግን ማን...»

«ተጽፏል። በቃ።»

እማዬ ሹብራ ሰፈር ብቻዋን ናት። ወንድሜ ዋኢል ኩዌት። ይህን ለሩሽዲ አልነገርኩትም። ምን አገባው?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ሄሊዮፖሊስ ከሚገኝ ክበብ ጥቂት ሴቶች ሰብስበን አወያየን። ሩሽዲ በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው መስታወት ጀርባ ሆኖ ያዳምጣል። ሻይና ኬክ ቀርቧል። «እንቅልፍ እምቢ ሲል ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሐጃ ቡሰይና ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። «ምን አደርጋለሁ ልጄ? ስልኬን አያለሁ። እንቅልፉ ቢቀር ይቅር፣ ብቻ ልጄ ይደውልልኝ።»

«የኔው ይደውላል» አሉ አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ። «ባይደውል ይሻለኝ ነበር። ሚስቱን ሊያማልኝ እኮ ነው የሚደውለው!»

ሳቁ፣ ሳቁ... ከዚያ ሐጃ ቡሰይና ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አዩ። እኔም ኬክ ጨመርኩላቸው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

የማስታወቂያው ረቂቅ መጣ። በትልልቁ፦ «ልጅዎ ባይደውልም እንቅልፍ ይመጣል።»

ረቂቁን ሩሽዲ ፊት አስቀመጥኩ። «ይሄ እኮ የሴትዮዋ ሐዘን ነው!»

«እሱማ ነው። ለዚህ እኮ ነው ሰው ጋ የሚደርሰው።»

«ሐጃ ቡሰይና ቴሌቪዥን ላይ ቢሰሙትስ?»

«ይገዛሉ!» አለና ሳቀ። ሌሎቹም አብረውት ሳቁ። ወጥቼ ሽንት ቤት ገባሁና ፊቴን ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ትናንት አልተኛሁም። ሥራዬ ተጋባብኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 26

እማዬ ወደቀች።

ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ አዞራት። ኮሪደሩ ላይ። የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ጎረቤቷ ናት የደወለችልኝ። ሆስፒታል ስደርስ እጇ በጄሶ ታስሮ ተቀምጣለች፣ ሻይዬ ቀዘቀዘ እያለች ነርሷን ትቆጣለች።

ቦርሳዋን ስከፍት ክኒኑን አገኘሁት። የኛን ክኒን።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ገዛሁት ነዋ። ያንቺ ድርጅት ነው የሠራው ብዬ። ምን ይጎዳኛል?»

«እንቅልፍ እንደማይወስድሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ቦርሳዋን ዘጋሁ። የማላውቃቸውን ሴቶች ኬክ እያበላሁ ስጠይቅ... እሷን ግን...

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

ለሩሽዲ ነገርኩት። «አላህ ይማራት» አለ፣ ከልቡ ይመስላል። ቀጠለና፣ «ግን ነሽዋ፣ አንዲት እናት ገበያ አትሆንም። ስሜትሽን ቤትሽ ተዪው።»

ቤቴ ልተወው? ደረጃውን ወጥቼ የሕክምና ክፍል ኃላፊዋ ዶክተር ሚርቫት ጋ ገባሁ። ረቂቁን ፊት ለፊቷ ዘረጋሁት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ይሄን ማን ፈቀደ?»

«እስካሁን ማንም። ሰኞ ይለቀቃል።»

«አይለቀቅም» አለች። ስልኩን አነሳች።

ሩሽዲ ሊፍቱ ጋ ጠበቀኝ። «ከጀርባዬ ወጋሽኝ።»

«ፊት ለፊትም ነግሬዎት ነበር» አልኩት። ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወረድኩ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

አሮጊቶቹ ከማስታወቂያው ወጡ። ካርቶኑ ላይም በቀይ ማስጠንቀቂያ ሊታተም ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ሩሽዲ ግን ፊቱን ወደ ተፈታኝ ልጆች እናቶች አዙሯል። አዲሱ ረቂቅ፦ «እሱ ያጥና፣ አንቺ ተኚ።» ይህን የሚያስቆመው ማነው?

እኔን ወደ ፀጉር ሻምፖ አዛውረውኛል። ለፎረፎር የተጋለጡትን ልፈልግ ነው። ምሳ ላይ የሥራ ጓደኞቼ ወንበሩ ተይዟል ይሉኛል፤ ማንም ግን አይመጣም። አሸነፍኩ ማለት ይሄ ነው?

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ከባሌ ከተፋታሁ በኋላ የተከራየሁትን ቤት ለቀቅኩ። ሹብራ፣ እማዬ ጋ ነኝ፤ ልብሶቼ ገና ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ዋኢል፣ «ጎበዝ፣ አሁን አረፍኩ» አለኝ በስልክ። አንተማ ታርፋለህ!

እማዬ አሁንም አትተኛም። ክኒኑን ጥላዋለች፣ ሌሊት ግን ዓይኗ አይከደንም። የቅጠል ወጣችንን፣ ሞሎኺያን፣ ስሠራ በደህናው እጇ እየጠቆመች ታዘኛለች። «ነጭ ሽንኩርቱን አሳረርሽው! ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አንቺ።»

«እኔ እንዲህ አላስተማርኩም።»

ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጠን፣ አክስቴ የሰርጓ ቀን ከሙሽራው እናት ጋር እንዴት እንደተጣላች ታወራልኝ ጀመር። ረጅም ነው። መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

ስነቃ ብርድ ልብስ ደርባልኛለች። ጉልበቷን ተደግፋ ታየኛለች፣ ተቀይማለች።

«ወሬዬን ሳልጨርስ ተኛሽብኝ።»

«ይቅርታ እማዬ። ከዚያስ ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ የት ጋ እንደተኛሽ?» አለች። ጠጋ አለች። «ከመጀመሪያው ነው የምነግርሽ።»