ሞጣ የገባው ባቡር፦ የአቶ አካለ ወልድ ገብረ ክርስቶስ የሕይወት ታሪክ

አቶ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይርጋነሽ ወልደ ኪዳን በ1925 ዓ.ም. ቢቸና ተወለዱ። ከአባታቸው ሥር ዳዊት ደግመዋል፤ ቅኔውን ግን ጀምረው ተዉት፤ መሪጌታም እስኪያርፉ ድረስ ይህን አልረሱላቸውም። ዘመናዊ ትምህርትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1943 ዓ.ም. አጎታቸውን ተከትለው ድሬዳዋ ወረዱና በባቡር ሐዲድ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ሁሉ ሐዲድ ሆነ። በዓመት ፈቃድ ሲመጡ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ስለ ሐዲድ ያወሩ ነበር፤ ዛሬ ስለ እርሳቸው ብናወራ አይቀየሙንም።

በ1954 ዓ.ም. እህቴን ወ/ሮ ሀብትነሽ ደምለውን በሽማግሌ አስጠይቀው በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ድሬዳዋ ወስደው ባቡር ሊያሳዩአቸውም ቃል ገቡ። ነገር ግን እናታችን አልጋ ያዙ፤ እህቴም ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። አቶ አካለ ወልድ ያን የሚወዱትን ሥራ ትተው ሞጣ ገቡ፣ የእጅ ሥራ መምህር ሆኑ፣ ፋንታንና እናኑን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. የእህቴ ዓይን ታመመ። ሐኪሞችም ብርሃናቸው እየደከመ እንደሚሄድና እንደማይመለስ ነገሯቸው። አቶ አካለ ወልድ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሳይጨልምባቸው ባቡሩን ላሳያቸው ቢሉ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል። ለቀድሞ አለቃቸው ልመና ላኩ፤ በዓመቱ አንድ ሣጥን በጭነት መኪና ደጀን ደረሰ። ራሳቸው ሄደው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አመጡት። በውስጡም የመጫወቻ ባቡር፣ አጫጭር ሐዲዶችና ሐዲዶቹን ጫፍ ለጫፍ የሚያገጣጥሙ ጥቃቅን የቆርቆሮ ማያያዣዎች ነበሩ።

ሐዲዱን ከአልጋው ሥር እስከ ጠረጴዛው ዙሪያ ዘረጉት። እህቴን አስቀምጠው ባቡሩን ቢያስነሱት፣ ወይ ፍንክች! ይህ ባቡር የሚሄደው የባትሪ ድንጋይ ኃይል በሐዲዱ ላይ ሲያልፍለት ነው። እናም ያለ ጥፋቱ ባለሱቁን ሳሊህን ያረጀ ድንጋይ ሸጠኸኝ ብለው ወረዱበት። ሳሊህም ደግ ሰው ነውና፣ “ይሁን ጋሼ፣ ሌላ ይውሰዱ” ብሎ ቀየረላቸው። ባቡሩ ግን አሁንም እምቢ አለ። ሰውየው እህል አልቀምስ አሉ።

በመጨረሻ እህቴ ሐዲዱን በጣታቸው ዳሰሱና በየመጋጠሚያው ክፍተት አገኙ። ምን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ብረት በፀሐይ ስለሚረዝም የሐዲድ ባለሙያ ክፍተት ይተዋል አሏቸው፤ ድሬዳዋ የተማሩት እንዲያ ነበር። እህቴም፣ “አንቱ፣ የሞጣ ፀሐይ አልጋ ሥር ገብቶ ነው እንዴ ይህን የሚያስረዝመው?” አሉ። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስሁ። እርሳቸው ተኮሳትረው ወጡ፤ ቆይተው ግን ሞረድ ይዘው ተመለሱ።

ማያያዣዎቹ ጠባብ ስለነበሩ ጠብቀው እንዲገጥሙ ማድረግ ቀላል አልነበረም። በጉልበት ሲገፏቸው ተጣመሙ። ስለዚህ የሐዲዱን ጫፍ ሞረዱ፣ የማያያዣውን አፍ በመርፌ ከፈት አደረጉ፣ በእንጨት ቀስ እያሉ ገፉ። ጣታቸው ደማ። ብረት ከብረት ሲነካ ባቡሩ ተነሣ! እህቴ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ባቡሩን እየተከተሉ ዙሩን ጨረሱና፣ “አየሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ” አሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ራዲዮ ማሰራጫ ነው ሲባሉ ሊይዙ መጥተው፣ መሬት ተኝተው ሲያዩ ዋሉ።

በ1974 ዓ.ም. የእህቴ ብርሃን ጠፋ። አቶ አካለ ወልድ ባቡሩን ማስነሣት አልተዉም፤ የላላ መጋጠሚያ ካለ እህቴ በጣታቸው እያገኙ፣ እርሳቸው ያጠብቁ ነበር። ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ሲወድቁና እጃቸው ሲዝል ማጥበቁንም እህቴ ያዙት። የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ባቡሩ ሲዞር እያዩ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ለአስከሬኑ ቦታ ለመልቀቅ ሐዲዱን ልናነሣ ስንል እህቴ ከለከሉን። በጣታቸው ዳብሰው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ፈቱና ጥፍር የምታህል ክፍተት ተዉ። “ይቺን እንኳ እንደ ደንቡ ልተውለት፤ ከእንግዲህ የትም አይሄድ” አሉ።

አቶ አካለ ወልድ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ፋንታንና እናኑን፣ የሚወዷቸውንም ጎረቤቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቃላቸውን የጠበቁትን የዚህን ደግ ሰው ነፍስ እግዚአብሔር ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእህቴም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

አገሬ ደምለው፣ የባለቤታቸው እህት