የሳሎኑን ቀዳዳ ስደፍን

ሰኞ፣ ኅዳር 5፣ ከሥራ መልስ

ካፖርቴን ሳላወልቅ ጨርቅ ወተፍኩበት። መልሶ ተፋው። የሳሎኑን ቀዳዳ ማለቴ ነው። ድሮ ምድር ቤት የነበረ አንድ ትልቅ ምድጃ በግድግዳው ውስጥ ሙቅ አየር እየላከ ሕንጻውን ሁሉ ያሞቅ ነበር አሉ። ምድጃው ከተነቀለ ቆይቷል፤ በየክፍሉ ጀርመኖቹ ሃይትሱንግ የሚሉት ማሞቂያ ገብቷል። ቀዳዳው ግን በብረት ወንፊቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። አሁን የሚልክልን ብርድ፣ ጥላሸትና ከታች ያሉትን አሮጊት፣ የፍራው ቪንክለርን ሳል ነው።

ብርዱን እችለው ነበር። ዛሬ አሮጊቷ ደረጃው ላይ ይዘውኝ፣ ትናንት ባልሽ ምን ሆኖ ተቆጣ አሉኝ። ለካ ድምፃችን በቀዳዳው ይወርድላቸዋል። አማርኛ አያውቁም፤ ቁጣ ግን ያውቃሉ። ለባሌ ለግርማ ባልነግረው ይሻል ነበር። ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ግርማ ያንሾካሽካል። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ። ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ያሳሰረው ግድግዳ ላይ ጆሮውን የለጠፈ ጎረቤቱ ነው። ደርግ ወደቀ፤ የዚያ ሰውዬ ጆሮ ግን ፍራንክፈርት ድረስ ተከትሎት መጣ።

ለሃውስማይስተሩ፣ ሕንጻውን ለሚጠብቀው ለሄር ሌንዝ ደወልኩ። ቀዳዳው የሕንጻው ነው፣ እንዳትነኪው፣ ቀስ ብላችሁ አውሩ አለኝ። ቀስ ብላችሁ! በገዛ ቤቴ! ግርማም የሰው አገር ነው፣ ተይው አለ። ተጣላን። በሹክሹክታ። ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ያለ ጠብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ።

እኔ ግን አልተወውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

የጭስ ማውጫ ጠራጊው ከላይ ላሉት ጎረቤቶች መጥቶ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ጎትቼ አስገባሁት። ባትሪውን አብርቶ አየ። ከምንም ምድጃ ጋር አይገናኝም፣ የሞተ ቱቦ ነው፣ ድፈኚው አለ።

በቃ። ሌላ ማንንም አልጠይቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

የጀሶ ሰሌዳ በትራም እስከ ሰፈራችን ቦርንሃይም ተሸክሜ መጣሁ። ሰው አፈጠጠብኝ። ያፍጥጥ።

ወንፊቱን ስፈታ ጥላሸቱ ፊቴ ላይ ወረደ። ጠርጌ፣ ብርድ የሚከላከል ሱፍ ጠቀጠቅሁበት። ግርማ ሶፋው ላይ ሆኖ፣ ይሄ ነገር ከቤት ያስወጣናል ይላል፣ ያው በሹክሹክታ። ሰሌዳው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ግን ብድግ ብሎ ያዘልኝ። እኔ ብሎኑን አጠበቅኩ፤ ዳር ዳሩን በጀሶ ለሰንኩ። እጄ አመዳም ሆኗል፤ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ፍራው ቪንክለር አንኳኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ከፈትኩ። ታመማችሁ እንዴ አሉኝ፤ ድምፃችሁ ጠፋብኝ። ለካስ አመሻሹ ላይ ወንበራቸውን ቤታቸው ካለው ቀዳዳ ሥር አስጠግተው ድምፃችንን እየሰሙ ነው የሚቀመጡት። ማንም የላቸውም። አዘንኩላቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም።

«ደፍኜዋለሁ፤ አልከፍተውም» አልኳቸው። «ሰው ሲናፍቅዎት በደረጃ ይምጡ። ደወሉ ይሠራል። በግድግዳ ግን አይሆንም።»

እሑድ ቢመቻችሁስ አሉ።

እሑድ ይመቸናል አልኳቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 16

ሄር ሌንዝ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ። ካልከፈታችሁት ለሕንጻው ባለቤት እናገራለሁ አለ። ጠራጊው ያለውን ነገርኩት፤ አልሰማኝም። እኔን ትቶ ወደ ግርማ ዞረ። ወንዱ ይሻላል ብሎ ይሆናል። አሁን እሺ ሊለው ነው አልኩ።

«ናይን፣ አይሆንም!» አለ ግርማ። በሙሉ ድምፁ። ሄር ሌንዝ ወደኋላ አለ። እኔም ደነገጥኩ። ግርማ ግን ቀጠለ፤ «ሚስቴ ዘግታዋለች። እንደተዘጋ ይቀራል። ለባለቤቱም እንደዚሁ ይንገሩልኝ።»

ሄደ። ይንገር። ቢያስወጡንም እያወራን ነው የምንወጣው።

በሩ ከተዘጋም በኋላ የግርማ ድምፅ አልወረደም። ነገ የመኝታ ቤቱንም ቀዳዳ እንደፍናለን፣ ጀሶውን የማቦካው እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ስለ እስር ቤቱ ጀመረ። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያልነገረኝን። አብሮት የታሰረውን ልጅ ስም ሳይቀር ጮክ ብሎ ጠራው። አንቺ ላይ ላሰፍረው ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን ገና እያወራ ነው፣ ልስማው።