ናዕማ ዱባይ ላይ አልታየችም

ውድ አሰገደች፣

ቱሉ ዲምቱ በደረስሁ ማግስት የእህቴ ልጅ ጎረቤት ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ልጃቸው ናዕማ የሠራችበትን፣ በፊልም መሃል የሚተላለፍ የሳሙና ማስታወቂያ እንድናይ ጠሩን። የቴሌቪዥን ጣቢያው የውጭ ስለሆነ ዱባይ ላለችው ታላቅ እህቷም በቪዲዮ ደውለው «ቶሎ ክፈቺ፣ እህትሽ ልትታይ ነው!» አሏት። እኛ ናዕማን ስናይ እሷ «እማ፣ እዚህ የሚታየው የመኪና ማስታወቂያ ነው» አለች። እናት ፊታቸው ጠቆረ። የማሰራጨት መብቱ ለየአገሩ ለብቻው ስለሚሰጥ፣ ፊልሙ አንድ ቢሆንም ማስታወቂያው በሌላ እንደሚተካ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ እትዬ፣ የውጭ ጣቢያ መባሉ ለምኑ ነው?» አሉኝ።

እኔና አንቺ ደብረ ብርሃን ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን እንቀንሳለን፤ እዚህ ግን ፊልሙን ታግሠን የናዕማ ማስታወቂያ እስኪደገም ጠበቅን። ሲመጣ ሰዓዳ የስልካቸውን ካሜራ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ልጅቷ ከዱባይ እልልታዋን አቀለጠችው። አትሳቂብኝና እኔም አብሬ እልል አልሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ቤተሰቡን ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ።

ወርቅነሽ