ከጀርባዬ ያለፈው ዓሣ ነባሪ

ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ውድ እህቴ ፍቅርአዲስ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር። «ደህና ነኝ» እንደምትዪኝ ስለማውቅ ተውሁት። ከሄድሽ ጀምሮ በደወልሽ ቁጥር ደህና ነኝ ነው የምትዪው። እኔም ኦማን በነበርሁበት ሦስት ዓመት ለእማዬ ስንቴ እንዳልኋት ቁጥሩን አላውቀውም። እስቲ ዛሬ ሁለታችንም ይቺን ቃል ትንሽ እናሳርፋት።

ይህን ወረቀት የምታገኚው በርበሬው ውስጥ ነው። ስልክሽን ማዳምሽ እያገላበጠች እንደምታይ ነግረሽኝ የለ፣ በስልክ መጻፉን ፈራሁት። የእብናቷ ዓይናለም መንገዱ ከተከፈተ እሑድ ትነሣለች፤ እሷም ኦማን፣ አንቺ ያለሽበት ሳላላ ከተማ ስለምትገባ በርበሬና ሽሮ ትይዝልሻለች። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ከበርበሬው መሀል ቀብሬዋለሁ። ስታነቢው ቢያስነጥስሽ እኔን አትርገሚ።

ደክሞኛል ፍቅርዬ። የነነዌ ጾም ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ቅዳሴ እያልሁ ጉልበቴ ሁሉ አልቋል። ግን ያደከመኝ ጾሙ አይመስለኝም። ሰባት ዓመት አንድ ውሸት ተሸክሜ ኖሬያለሁ፣ እሱ ነው ያደከመኝ። ዛሬ ላወርደው ነው የምጽፍልሽ፤ ላንቺም ይጠቅምሻል ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። ነጭ ጀልባ ላይ ቆመሻል፤ ሰው እንዳይሰጥም የሚለበሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ አድርገሻል፤ ትስቂያለሽ። ከኋላሽ የዓሣ ነባሪው ጭራ ከባሕሩ ወጥቶ ይታያል። ከሥሩ «ትርንጎ፣ እኔም አየሁት» ብለሽ ጽፈሻል። እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ለእትዬ አሰለፈች አሳየቻት። እትዬ አሰለፈችን ታውቂያታለሽ፣ ጎረቤት ሆና የማታውቀው ጉድ የለም፤ በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ «የጥሩነሽ ሁለተኛዋ ልጅም ዮናስን የዋጠውን አየች» ይል ጀመር። እማዬ ከእኔ ፎቶ ጎን አንድ ሚስማር አስመታችና «እንዳንቺው ፎቶ አሳድጊልኝ፣ ጎን ለጎን ትሁኑልኝ» አለችኝ።

እኔ አሁንም ጋሽ ባምላኩ ፎቶ ቤት ነኝ፣ ያው መናኸሪያው አጠገብ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ስቆርጥና ላሚኔት ሳደርግ እውላለሁ። ከሚመጣው ሰው ግማሹ ለፓስፖርት የሚነሣ ሴት ልጅ ነው። አንዳንዷ «ከኋላዬ ባሕር አድርጊልኝ» ትለኛለች። ነጭ ካልሆነ አይቀበሉሽም እላታለሁ፣ ፊቷ ይጠቁራል። እሷን ሸኝቼ ሳልቀመጥ ሌላዋ ትመጣለች።

ሰኞ፣ ጾሙ በገባ ዕለት፣ ያንቺን ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቼ ማሳደግ ጀመርሁ። ጋሽ ባምላኩ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ታናሽሽ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ፍቅርአዲስ ናት።»

«ታምራለች። ግራ እጇን ግን የት አደረገችው?»

«ከኋላዋ ነው መሰለኝ።»

«እንዲህማ አያምርም። ከሌላ ፎቶ ቆርጠን አንድ እጅ እንግጠምላት። እናትሽ ደስ ይላቸዋል።»

አይ ጋሽ ባምላኩ። እሳቸው የማይገጥሙት የለም፤ በጥምቀት ሰሞን ለአንድ ሙሽራ የሞቱትን አባቱን ከጎኑ አቁመውለታል። እኔ ግን «ባለበት ይሁን» አልኋቸው። ያንን የተደበቀ እጅ አውቀዋለሁ። ግድግዳችን ላይ ያለው የእኔ ፎቶ ላይም ግራ እጄ የለም። አምስት ዓመት ስታዪው ኖረሽ እጅሽ የት ሄደ ብለሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ዓሣ ነባሪው ዓይን ብቻ ነው።

እንግዲህ እውነቱን ስሚ። ቀኑ የነነዌ ጾም ማክሰኞ ነበር፣ ዓመቱ 2011። ማዳሜ ከኩዌት ለመጡ ዘመዶቿ አንድ ሙሉ ጀልባ ተከራየች፤ ሌላ ሰው የማይሳፈርበት፣ የእነሱ ብቻ። ዓሣ ነባሪ ለማየት ነው አሉ። እኔን የወሰዱኝ ትንሹን ልጅ እንድይዝ ነው። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ ግራ እጄ ተቃጥሎ ነበር። እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም፤ ሳምቡሳ ስጠብስ ቆሜ አንቀላፋሁና የፈላው ዘይት እጄ ላይ ተገለበጠ። ሐኪም ቤት የወሰደኝ የለም። ማዳም የጥርስ ሳሙና ቀባችልኝ፣ በቃ።

ጀልባው ላይ ልጁን በቀኝ ክንዴ ይዤ፣ ግራዬን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። ባሕሩ እንዴት እንደሚንጥ አሁን አንቺም አውቀሽዋል። ጾመኛ ስለነበርሁ የሚወጣ ነገር እንኳ አልነበረኝም፣ ሐሞት ብቻ። ልጁ ያለቅሳል፣ እኔ ባልዲ ላይ ተደፍቻለሁ፣ እንግዶቹ ይበላሉ ይስቃሉ። እማዬ አሁን ቤተ ክርስቲያን ቆማለች እያልሁ በሆዴ አለቅስ ነበር። ዮናስ ሦስት ቀን ነው የቆየው፣ እኔ ገና አንድ ዓመት ቀርቶኛል እል ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ብቻ አየን። ከዚያ ነጂው በጣቱ ጠቆመና ሁሉም ተንጫጩ። የማዳም ትልቋ ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ሕፃኑን ለእናቷ ሰጠችልኝና ስልኬን ተቀበለችኝ። «ነይ ላንሣሽ፣ ለእናትሽ ትልኪላታለሽ» አለችኝ። አየት አደረገችኝና ደግሞ «እጅሽን ደብቂው፣ እናትሽ ትደነግጣለች» አለች። ደበቅሁት። ውሃው ከኋላዬ ሲከፈት ሰማሁ። ልዞር ስል «አትዙሪ፣ አትዙሪ፣ ይበላሻል፣ ሳቂ» አለችኝ። ሳቅሁ። አንሥታኝ ስትጨርስ ዞርሁ፤ አረፋ ብቻ ነበር።

ይኸው ነው። እኔ ዓሣ ነባሪ አላየሁም ፍቅርአዲስ። ሲተነፍስ ሰምቼዋለሁ፣ የረጨው ውሃም ጀርባዬን አርሶታል። ግን ያን ቀን ጀልባው ላይ ከነበርነው ሁሉ፣ ሕፃኑን ጨምሮ፣ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በ2012 ስመለስ ሰው ሁሉ ምን ይዘሽ መጣሽ ይለኝ ነበር። ምን ይዤ መጣሁ? አንድ ሻንጣ ልብስና የማይታጠፍ ሁለት ጣት። ሌላው የነበረኝ ያ ዓሣ ብቻ ነበር። ስለ ዓሣው ሳወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል፣ ስለ ሌላው አይጠይቀኝም፤ ስለዚህ አወራሁ። አንቺ ያኔ አሥራ አራት ዓመትሽ ነው። ድንች ስንልጥ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ «ዓይኑ ምን ይመስላል?» አልሽኝ። «ትልቅ ነው፣ ጥቁር፣ ሆድ የሚያባባ» አልሁሽ። «ከሰው ሁሉ መርጦ አንቺን ብቻ ነው የሚያይሽ» አልሁሽ። ያ የነገርሁሽ የላማችን የቡሬ ዓይን ነው። ሌላ የማውቀው ትልቅ ዓይን አልነበረኝም።

በየጊዜው ያንኑ ታስነግሪኝ ነበር። እኔም በየጊዜው እጨምርበት ነበር። ፓስፖርት ልታወጪ ስትነሺ ሰው «ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?» ሲልሽ «ዓይኑን ላየው» ብለሽ ትስቂ ነበር። ሌላም ምክንያት እንደነበረሽ አውቃለሁ፣ የቤታችንን ነገር አውቃለሁ። ግን ያ ሳቅሽ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፎቶሽን ያነሣሁሽ እኔ ነኝ። ነጩ ጨርቅ ፊት አቁሜሽ «ቀና በይ፣ አትሳቂ» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ያኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ጋሽ ባምላኩ ምሳ ወጥተዋል። አፈርሁ። እውነት ብናገር ያቺው አንዲት ነገሬም የምትቀርብኝ መሰለኝ። ይቅር በይኝ እህቴ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ለእማዬ ነገርኋት። ልትቀምስ እጇን እያስታጠብኋት ነበር። ስለ ጀልባው፣ ስለ ባልዲው፣ ስላላየሁት ዓሣ ሁሉንም ነገርኋት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ዓሣውን ተይው» አለችኝ። «እጅሽን የመጣሽ ዕለት አይቼዋለሁ። ልክ እንዲህ ስታስታጥቢኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺ ዝም አልሽ። ልጄ ያልነገረችኝ ብትነግረኝ የሚያማት ነው አልሁና ዝም አልሁ። በየነነዌው ግን ስለዚያ እጅ እሰግዳለሁ።»

«ለሰው ግን ዓሣ አየች እያልሽ ስታወሪ ኖርሽ።»

«ምን ልበል? ልጄ ተቃጥላ መጣች ልበል? ሰው አንቺን አይቶ ከንፈሩን ሲመጥ ልይ?»

«ፍቅርአዲስ ስትሄድስ እማዬ?»

በማንቆርቆሪያው ያለው ውሃ እስኪያልቅ እጇን ዘርግታ ቀረች። ከዚያ «ፎቶዋን አምጪልኝ» አለችኝ። ያሳደግሁትን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጭራውን አላየችውም። ጣቷን ግራ ክንድሽ ላይ አሳረፈችና ወደ ታች ወሰደችው፣ ክንድሽ የሚጠፋበት ድረስ።

«የዚችም የለም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመሰችም። ምግቡ እንደቀረበ ነው አሁንም።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት ልጅ ይዘሽበት ይሆናል፣ ምናልባት የጀልባውን ብረት ጨብጠሽበት። እንደዚያ ከሆነ እንደ ልብሽ ሳቂብኝ፣ ቅር አይለኝም፤ ደስታውን አልችለውም። ካልተሳሳትሁ ግን አትፈርሚ። ኮንትራትሽ መጋቢት 12 ያልቃል፣ ማዳምሽ ሌላ ሁለት ዓመት እንድትጨምሪ ትፈልጋለች ብለሽኛል። እኔም ያኔ አንድ ዓመት ጨምሬ ነበር፣ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብዬ። የጨመርሁት ያ ዓመት ነው እጄን ያሳጣኝ። አትፈርሚ ፍቅርዬ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ።

ሰው ምን ይለኛል አትበይ። እሱን ጨርሼልሻለሁ። ወረቀቱን ሳልጀምር በፊት ወደ እትዬ አሰለፈች ቤት ሄጄ እጄን አሳየኋት፣ ሁሉንም ነገርኋት። አለቀሰች ምስኪን። ነገ ጠዋት ሰፈሩ ይሰማዋል፣ ከነገ ወዲያ እብናት ይደርሳል። ስትመጪ ስለ ዓሣው የሚጠይቅሽ አንድም ሰው አታገኚም። ጋሽ ባምላኩም ከእኔ ጎን አንድ ወንበር አለ ብለውኛል። ደመወዙ አያኮራም፣ እሳቸውም ይነዘንዛሉ፣ ግን ሲደክምሽ ትቀመጫለሽ፣ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ወረቀቱ ሲደርስሽ ደውይ። ማዳምሽ አጠገብሽ ብትቆምም ግድ የለም፣ ስለ በርበሬው አውሪኝ፣ ስለ ፈለግሽው አውሪኝ። «ደህና ነኝ» ብቻ አትበይኝ። ያቺን ቃል ካላልሽኝ መምጣት እንደፈለግሽ ይገባኛል፣ ለቲኬቱም ለሌላውም የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።

የእኔን ፎቶ ከግድግዳው አውርደነዋል። ያንቺም አልተሰቀለም። ሁለቱ ሚስማሮች ባዶአቸውን ሲታዩ አስጠሉኝና ላንቺ ያስመታችውን ልነቅለው ስነሣ እማዬ ከተቀመጠችበት «ተይው» አለችኝ።

«ምን ያደርጋል እማዬ?»

«ስትመጣ ነጠላዋን ትሰቅልበታለች።»

እኛ እዚህ ነን፣ ባዶ እጅሽን ነይ።

እህትሽ ትርንጎ