ባንክ ቤት ያልተቀበሉት ፊርማዬ

ይድረስ ለእታለሜ፤ ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ልጆቹ ደህና ናቸው፤ እኔም ለወሬ አላንስም።

ለሰው ያልነገርኩትን ላጫውትሽ፤ ሰሞኑን ባንክ ቤት አፈርኩ። የሰፈራችን የውሃ ማኅበር ገንዘብ ያዥ አድርገውኝ የለ? የፓምፑ ማሠሪያ ገንዘብ የሚወጣው በእኔና በሊቀመንበራችን በጸጉር አስተካካዩ ፊርማ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቼኩን መለሰችልኝና፣ «እናቴ፣ ፊርማዎ ፋይል ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ እስቲ ተረጋግተው ይሞክሩ» አለችኝ። ሞከርኩ፤ ጭራሽ ባሰበት።

ጸጉር አስተካካዩ ከኋላዬ ሆኖ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ገንዘባችንን ይዘሽ ልትጠፊ ፊርማ ለወጥሽ እንዴ?» ብሎ ወረፋ የያዘውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁና «እስክሪብቶው ነው» አልኩ። የራሱን አውጥቶ ሰጠኝ፤ በሱም ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። ቦርሳዬን ተቀብሎ እስከ ቤት ሸኘኝ።

ፓምፑ እስካሁን ስላልተሠራ ጎረቤት ባልዲ ተሸክሞ ሲያልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ደከመኝ፣ እታለም። ሌላ ሰው ምረጡ ስላቸው፣ «ካንቺ ሌላ ማንን እናምናለን?» ይሉኛል። ጽሑፌ ከተንጋደደብሽም ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው።

ለመሆኑ አባባ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው ስንት ዓመቱ ላይ ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ሐሙስ አዲስ የፊርማ ናሙና እንድሰጥ ቀጥረውኛል። ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም እጽፍልሻለሁ፤ ካልተመቸኝም ልጄ ትጽፍልኛለች።

ጤናውን ያብዛልሽ።

ታናሽሽ